ፍሎፒው አልነበብ ሲል ጥፋቱ የማን ነው?

ፍሎፒ (ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም ለመጫን ይውል የነበረው ትንሽ የፕላስቲክ ዲስክ) ሲያስቸግር ከመጀመሪያው አያስቸግርም። አንደኛው ዲስክ ያልፋል። ሁለተኛውም ያልፋል። ሰውየው «ዛሬስ ተሳካ» ብሎ ዘና ሲል፣ ሰባተኛው ላይ ድራይቩ፣ ማለትም ዲስኩ የሚገባበት ማንበቢያ፣ ክርር… ክርር… ይልና ድርቅ ይላል። ስክሪኑ ላይ ዲስኩን ማንበብ አልተቻለም የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው፤ «እንደገና ሞክር» የሚለውን መደብደብ።

ፍሎፒ የሞተ ነገር አይደለም ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ። ሶኒ እንኳ በ2011 እ.ኤ.አ. መሸጡን አቁሟል። ቢሆንም ከፋብሪካ ማሽን ወይም ከመለኪያ መሣሪያ ጋር የተጣመሩ፣ ሲዲ የማያውቁ፣ በዩኤስቢም የማይነሱ አሮጌ ኮምፒውተሮች አሁንም ሥራ ላይ ናቸው። አሮጌ ኮምፒውተር ማደስ የሚወዱ ሰዎችም አሉ። ለእነዚህ ሁሉ ዶስ፣ የድሮ ዊንዶውስ ወይም የድሮ ሊኑክስ የመሰለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም መጫን ሲመጣ ፍሎፒ የግድ ነው። ዛሬ እጃችን ላይ ያለው ዲስክ ደግሞ ሁሉም ማለት ይቻላል ያረጀ ነው። «አዲስ ነው፣ አሁን ነው ከፕላስቲኩ ያወጣሁት» ማለት ብዙም አያጽናናም። ፕላስቲኩ ውስጥም ሆኖ አርጅቷል።

ስህተት ሲመጣ ጥፋተኛ ሊሆኑ የሚችሉት ጥቂት ናቸው። ዲስኩ፣ ድራይቩ፣ ኬብሉና ቅንብሩ፣ ወይም ዲስኩ የተዘጋጀበት መንገድ። አልፎ አልፎ ደግሞ ፍሎፒው ምንም ሳይበድል ይታማል። ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ሳያጣራ ሁሉንም በአንዴ ይነካካል። ዲስክ ይቀይራል፣ ኬብል ይነቅላል፣ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከሁሉ ቀድሞ የሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ ገብቶ ያገኘውን ይለውጣል። ድንገት ቢሠራለት እንኳ የቱ እንዳዳነው አያውቅም። ስለዚህ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ።

ዲስኩ ውስጥ ምን አለ

የተለመደው 3.5 ኢንች ፍሎፒ ሁለት ገጽ አለው። እያንዳንዱ ገጽ ላይ 80 ክብ መስመሮች፣ ማለትም ትራኮች አሉ። እያንዳንዱ ትራክ 18 ሴክተር ይይዛል። እያንዳንዱ ሴክተር ደግሞ 512 ባይት ነው። ሲባዛ 2,880 ሴክተር፣ ወይም 1,474,560 ባይት ይመጣል። «1.44 ሜጋባይት» የምንለው ይኸው ነው። ይህን 1,474,560 የሚል ቁጥር ያዙት፤ ኋላ ይጠቅመናል።

ዳታ የሚያነበውና የሚጽፈው ክፍል «ሄድ» ይባላል። ሃርድ ዲስክ ውስጥ ይህ ሄድ ከዲስኩ በላይ ይንሳፈፋል። ፍሎፒ ላይ ግን ሄዱ ዲስኩን ነክቶ ነው የሚያነበው። ዲስኩ በደቂቃ 300 ጊዜ እየዞረ ይታከካል። አቧራ፣ ሻጋታና ጭረት ፍሎፒን እንዲህ የሚጎዱት ለዚህ ነው።

እያንዳንዱ ሴክተር ከፊቱ አድራሻ፣ ከኋላው ደግሞ ሲአርሲ የሚባል ማረጋገጫ ቁጥር አለው። ኮምፒውተሩ ሴክተሩን ካነበበ በኋላ ይህን ቁጥር ራሱ ያሰላና ከተጻፈው ጋር ያስተያያል። ካልገጠመ እንደገና ያነባል። ደጋግሞ እምቢ ካለው ሄዱን እስከ ትራክ ዜሮ ይመልሰውና እንደገና ወደ ቦታው ይወስደዋል። ያ «ክርር» የሚለው ድምፅ ይህ ጉዞ ነው። ጤነኛ ንባብ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ እያለ እኩል ይሄዳል። ጠቅ ጠቅ ብሎ ቆሞ፣ ክርር ብሎ ወደ ኋላ ሮጦ፣ እንደገና እዚያው ቦታ መጥቶ የሚቆም ከሆነ አንድ ሴክተር ላይ ተጣብቋል ማለት ነው። ስክሪኑ ገና ምንም ሳይናገር ጆሯችሁ ቀድሞ ያውቃል።

«እንደገና ሞክር» ብላችሁ ካለፈ ምን ማለት ነው? የተነበበው ሴክተር በአብዛኛው ትክክል ነው፤ ሲአርሲው ገጥሟል። ዲስኩ ግን ወደ መሞት እየሄደ ነው። በሕይወት እያለ ቅጂ አውጡለት። «እለፈው» የሚለውን ምርጫ ግን አትንኩ። ፎቶ ያለበት ዲስክ ቢሆን አንድ ሴክተር መዝለል ፎቶውን ያበላሽ ይሆናል። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲጫን የተዘለለው ሴክተር ከወር በኋላ ያለ ምክንያት የሚሞት ኮምፒውተር ሆኖ ይመለሳል። ያን ጊዜ ፍሎፒውን ማን ያስታውሰዋል?

መልእክቱን የጻፈው ማን ነው?

ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚታይ አንድ ዝነኛ መልእክት አለ። «ኖን ሲስተም ዲስክ ኦር ዲስክ ኤረር» ይላል፣ ዲስኩን ቀይራችሁ ማንኛውንም ቁልፍ ተጫኑ ብሎ ያስከትላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ድራይቩ ተበላሽቷል ይላል። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ይህን ጽሑፍ የሚያወጣው ባዮስ አይደለም። ፎርማት የተደረገ፣ ማለትም ፋይል እንዲይዝ የተዘጋጀ ዲስክ የመጀመሪያው ሴክተር ላይ የተቀመጠች ትንሽ ፕሮግራም ነች። ጽሑፉ ከወጣ ባዮሱ ድራይቩን አግኝቷል፣ ዲስኩ ዞሯል፣ የመጀመሪያው ሴክተር ተነቧል፣ እዚያ ያለችው ፕሮግራምም ሠርታለች። ብዙውን ጊዜ ያጣችው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ፋይሎች ነው። ስለዚህ ድራይቩን ተዉትና ዲስኩ እንዴት እንደተዘጋጀ ጠይቁ።

ባዮሱ ራሱ «የሚነሳ ዲስክ የለም» ካለ ግን ነገሩ ይለያል። ምናልባት የማስነሻ ቅደም ተከተሉ ላይ ፍሎፒ ከሃርድ ዲስክ በኋላ ነው ያለው። ምናልባት የመጀመሪያው ሴክተር ጨርሶ አልተነበበም።

ዶስ ደግሞ ስህተቱን ለይቶ የመናገር ጥሩ ባሕርይ አለው። «ኖት ሬዲ» ካለ ዲስኩ በትክክል አልገባም፣ ወይም አልዞረም። አውጥታችሁ መልሱት። «ዳታ ኤረር» ካለ ሴክተሩ ተገኝቷል፣ ግን ሲአርሲው አልገጠመም። «ሴክተር ኖት ፋውንድ» ካለ የሴክተሩ አድራሻ ራሱ ጠፍቷል። ይህ ሲሆን ወይ የዲስኩ ፎርማት ደብዝዟል፣ ወይ ሄዱ ከመስመሩ ወጥቷል። «ጀነራል ፌለር» ብዙውን ጊዜ ዲስኩ ፎርማት የለውም፣ ወይም ኮምፒውተሩ የማያውቀው ፎርማት ነው ማለት ነው። «ራይት ፕሮቴክት» ከሆነ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ እዩ፤ ቀዳዳው ክፍት ከሆነ መጻፍ አይቻልም።

ከሁሉ የሚበዛው ስህተት፦ ኢሜጁን እንደ ፋይል መቅዳት

የሊኑክስ ማስነሻ ዲስክ ስታወርዱ የምታገኙት አንድ ኢሜጅ ፋይል ነው። ይህ ፋይል የአንድ ሙሉ ፍሎፒ ቅጂ ነው፤ ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው። ይህን ፋይል ጎትታችሁ ኤ ድራይቭ (ፍሎፒው) ላይ ብትጥሉት ዲስኩ አይነሳም። ዲስኩ ላይ ያለው ኢሜጅ የሚባል አንድ ትልቅ ፋይል ነው እንጂ የኢሜጁ ይዘት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጭራሽ አይገባም፤ የፋይል ዝርዝሩም ቦታ ስለሚወስድ «ቦታ የለም» ይላችኋል።

ኢሜጅ የሚጻፈው በራሱ መሣሪያ ነው። ሊኑክስ ላይ ዲዲ የሚባለው ትዕዛዝ አለ። ዶስ ላይ ራውራይት የሚባል ፕሮግራም ነበር። ሁለቱም ፋይሉን ሴክተር በሴክተር ይገለብጣሉ።

ከመጻፋችሁ በፊት የፋይሉን መጠን እዩ። ለ1.44 ሜጋባይት ዲስክ የተዘጋጀ ሙሉ ኢሜጅ 1,474,560 ባይት ነው። ከዚያ በጥቂት መቶ ወይም ሺህ ባይት ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ጠርጥሩ። የታወቀ ጦስ ነው፤ ፋይሉ በኤፍቲፒ (በኔትወርክ ፋይል ማስተላለፊያ ዘዴ) ሲተላለፍ እንደ ጽሑፍ ተቆጥሮ የመስመር መጨረሻ ምልክቶቹ ተቀይረዋል። እንዲህ ያለውን ፋይል በምርጥ ዲስክ ላይ ብትጽፉትም አይነሳም፤ ሰውየው ግን ዲስክ ሲቀያይር ይመሻል። በጣም ትንሽ ከሆነ ደግሞ ምናልባት የተጨመቀ ነው፤ መጀመሪያ ፍቱት።

አንድ ዲስክ ፎርማት ስታደርጉት ዶስ «የተበላሸ ቦታ አለ» ብሎ ጥቂት ኪሎባይት ይቀንስና ይቀጥላል። ያ ዲስክ ለተራ ፋይል ይሆናል። ዶስ የተበላሹትን ቦታዎች ምልክት አድርጎባቸዋል፣ ፋይል ሲያስቀምጥ ይዘላቸዋል። ኢሜጅ ሲጻፍ ግን መዝለል የሚባል ነገር የለም። ሴክተር 1,500 ላይ የሚሄደው ዳታ ሴክተር 1,500 ላይ ነው የሚሄደው፣ ጤነኛ ይሁን አይሁን። ስለዚህ አንድ የተበላሸ ሴክተር ያለበት ዲስክ ለኢሜጅ አይሆንም። «ለሌላው ሥራ እኮ ይሠራል» የሚል ክርክር እዚህ ቦታ የለውም።

ፎርማት ማድረግስ ያድናል? አንዳንዴ። ፈጣኑ ፎርማት የፋይል ዝርዝሩን ብቻ ነው የሚያጸዳው። ዶስ ላይ ከትዕዛዙ ቀጥሎ «/ዩ» የሚጨመርበት ሙሉ ፎርማት ግን ትራኮቹንና የሴክተር አድራሻዎቹን እንደ አዲስ ይጽፋል። በዕድሜ ብዛት ወይም ማግኔት አጠገብ ቆይቶ የደበዘዘ ዲስክ በዚህ ሊመለስ ይችላል። የተጫረ ዲስክ አይመለስም። ከሙሉ ፎርማት በኋላም አንድ ብልሽት ካሳየ ጣሉት። ለዲስክ ማዘን ትርፉ ድካም ነው።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ መልሳችሁ አንብቡትና ከኢሜጁ ጋር አስተያዩት። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ኮምፒውተሩ አሁን የጻፈውን ነገር ሚሞሪው ውስጥ ይዞት ሊሆን ይችላል። ዲስኩን ሳታወጡ ብታነቡት ከዲስኩ ሳይሆን ከሚሞሪው አንብቦ «ሰላም ነው» ሊላችሁ ይችላል። አውጥታችሁ መልሱት፣ ከዚያ አንብቡት።

ዲስኩ ነው ወይስ ድራይቩ?

አንድ ዲስክ ብቻ ካስቸገረና ሌሎቹ ካለፉ ዲስኩ ነው። ሁሉም ካስቸገሩ ድራይቩ ወይም ኬብሉ ነው። እስከዚህ ቀላል ነው። የሚከብደው መሀሉ ነው።

ሊኑክስ የንባብ ስህተት ሲያገኝ የሴክተሩን ቁጥር ይነግራችኋል። ለምሳሌ ሴክተር 1037 አለ እንበል። አንድ ትራክ በሁለቱም ገጽ 36 ሴክተር ነው። 1037 ለ36 ሲካፈል 28 ደርሶ 29 ይተርፋል። ትራኩ 28 ነው። የተረፈው 29 ከ18 ስለሚበልጥ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነን። ከ29 ላይ 18 ሲቀነስ 11፣ ሴክተሮች ከ1 ስለሚቆጠሩ ደግሞ 12ኛው ሴክተር ይሆናል። ይህን ወረቀት ላይ ጻፉት። ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ አንብቡት። እዚያም 1037 ላይ ከቆመ ዲስኩ ላይ ቁስል አለ። ቁጥሩ በሞከራችሁ ቁጥር ከተቀያየረ ቆሻሻ ሄድ፣ የላላ ኬብል ወይም የደከመ ሞተር ጠርጥሩ። ሦስት የተለያዩ ዲስኮች አንድ ትራክ አካባቢ ላይ ከቆሙ ደግሞ ሄዱ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ላይ የደረቀ ቅባት ወይም ቆሻሻ ሊኖር ይችላል።

ትራክ ዜሮ የውጭው ጫፍ ነው፣ 79 ወደ መሀል ነው። የመሀሉ ክብ አጭር ቢሆንም የሚይዘው ዳታ ከውጭው እኩል ነው፣ ስለዚህ ዳታው እዚያ ይበልጥ ታፍጓል። የደከመ ድራይቭ መጀመሪያ እጅ የሚሰጠው እዚያ ነው። ዲስኩ ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ይህን አስቡ።

ሌላው ክፉ ነገር የሄድ መዛባት ነው። የተዛባ ድራይቭ የራሱን የእጅ ጽሑፍ ራሱ ብቻ እንደሚያነብ ሰው ነው። የጻፈውን ራሱ አንብቦ ትክክል ነው ይላል፤ ሌላ ድራይቭ ላይ ግን ሴክተር አልተገኘም ይባላል። በአንደኛው ኮምፒውተር ጽፋችሁ በሌላኛው የምትጭኑ ከሆነ ማረጋገጫው መደረግ ያለበት በሚጫንበት ድራይቭ ላይ ነው። ቢቻል እዚያው ጻፉት።

አንድ ዲስክ ፍርፍር የሚል የመፋቅ ድምፅ ካሰማ ወዲያው አውጡት። ጥሩ ዲስክ ደግሞ ተከትሎ አይግባ። የሻገተ ዲስክ ሄዱን ያቆሽሸዋል፣ የቆሸሸው ሄድ ቀጣዩን ጤነኛ ዲስክ ይጭረዋል፤ አንድ በሽተኛ ሙሉ ሳጥን ሊጨርስ ይችላል። ዲስኩን ለማየት የብረት መዝጊያውን በጣት ገፋ አድርጉና ከጀርባ ያለውን ብረት ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ብርሃን ላይ ቀለበት የመሰለ መስመር ከታየ ተጭሯል። ነጫጭ ነጥብ ካለ ሻግቷል። ቡናማውን ገጽ በጣት አትንኩ። ሄዱ የሚጸዳው በጥጥ መጥረጊያ ጫፍ ላይ ትንሽ አይሶፕሮፒል አልኮል አድርጎ በቀስታ ነው። የላይኛው ሄድ ስስ ስፕሪንግ ላይ ነው ያለው፤ ከፍ አድርጋችሁ ከጎተታችሁት መዛባቱን ራሳችሁ ፈጠራችሁት።

ኬብሉና «ሁለተኛውን ዲስክ አስገባ»

የፍሎፒ መብራት ኮምፒውተሩ ከተነሳ ጀምሮ በርቶ ከቀረ ኬብሉ በአንድ ጫፍ ተገልብጧል። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አዙሩት። ጠፍጣፋው ኬብል መሀል ላይ ጥቂት ሽቦዎች የተጠመዘዙበት ቦታ አለ። ከጥምዝዙ በኋላ ጫፍ ላይ ያለው ድራይቭ ኤ ነው፣ ከጥምዝዙ በፊት ያለው ቢ። የሚነሳው ዲስክ ኤ ላይ መሆን አለበት።

ጫኙ ፕሮግራም «ሁለተኛውን ዲስክ አስገባ» ይላል። ታስገባላችሁ። አሁንም «ሁለተኛውን ዲስክ አስገባ» ይላል። ሰው እዚህ ላይ ዲስኩን ይረግማል። ብዙ ጊዜ ግን ዲስኩ ምንም አላደረገም። ድራይቩ ዲስክ መቀየሩን ለኮምፒውተሩ የሚናገርበት አንድ ሽቦ አለ፣ 34ኛው። እሱ ከተቋረጠ ኮምፒውተሩ የአንደኛውን ዲስክ የፋይል ዝርዝር ከሚሞሪ እያነበበ «ያው ነው» ይላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። አንድ ዲስክ አስገብታችሁ ዝርዝሩን እዩ፣ ሌላ አስገቡና እንደገና እዩ። የድሮው ዝርዝር ከመጣ ይኸው ነው። በዚህ ሁኔታ ምንም እንዳትጽፉ፤ የአንዱን ዲስክ ዝርዝር ሌላው ላይ ጽፎ ሁለተኛውን ያጠፋባችኋል።

ዊንዶውስ 95 እና ሌሎች አመለኞች

ዊንዶውስ 95 በፍሎፒ ሲሸጥ 13 ዲስክ ነበር። ከመጀመሪያው በስተቀር ማይክሮሶፍት በአንድ ትራክ 21 ሴክተር አጭቆ ወደ 1.68 ሜጋባይት አድርሷቸዋል። ተራ የዲስክ ቅጂ ትዕዛዝ እነዚህን በትክክል አይገለብጣቸውም። የዩኤስቢ ፍሎፒ ድራይቭም በአብዛኛው አያነባቸውም፤ ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ይጠይቃችኋል። እሺ እንዳትሉት። ማዘርቦርድ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ድራይቭ ላይ ሞክሩ።

ዊንዶውስ ኤክስፒ ደግሞ ሌላ አመል አለው። መጫኛው ሲጀምር ተጨማሪ የሃርድ ዲስክ ድራይቨር (ሃርድ ዲስኩን የሚያሠራ ፕሮግራም) የምትጭኑ ከሆነ ኤፍ 6ን ተጫኑ ይላል፣ ከዚያ ድራይቨሩን ከፍሎፒ ብቻ ነው የሚቀበለው። እዚህ ጋ የብዙ ሰው ስህተት ፋይሎቹን ከነፎልደራቸው መገልበጥ ነው። ቲኤክስቲሴትአፕ የሚባለው ፋይል ከማንኛውም ፎልደር ውጭ፣ ዲስኩ መግቢያ ላይ መቀመጥ አለበት። ካጣው «ዲስኩን አስገባ» እያለ ይነተርካችኋል።

ፍሎፒው በከንቱ የሚታማበት ጊዜም አለ። ሊኑክስ ከርነሉን (ዋናውን የሲስተሙን ፕሮግራም) ከፍሎፒ አንብቦ ሲጨርስ የተጨመቀውን ይፈታል። እዚያ ላይ «ሲአርሲ ኤረር» ካለ ሁሉም ወደ ዲስኩ ነው የሚሮጠው። ዲስኩ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መልሳችሁ አንብባችሁ ከኢሜጁ ጋር የገጠመ ዲስክ ከሆነ ራሙን ፈትሹ። ፍቺው ሚሞሪን በደንብ ያሠራል፤ የተበላሸ ራም መጀመሪያ የሚጋለጠው እዚህ ነው። ራም አንድ በአንድ እያወጣችሁ ሞክሩ።

ይህ ሁሉ ከታከታችሁ ጎቴክ የሚባል መሣሪያ አለ። ልክ እንደ ፍሎፒ ድራይቭ ቦታው ላይ ይገባል፣ በዚያው ኬብል ይሰካል፣ ፊቱ ላይ ግን የዩኤስቢ ፍላሽ ማስገቢያ ነው ያለው። ኮምፒውተሩ ፍሎፒ ይመስለዋል። ፍላሹ ላይ የኢሜጅ ፋይሎቹን ደርድራችሁ በቁልፍ ትመርጣላችሁ። ማሽኑ ለሥራ የሚፈለግ ከሆነ እኔ ሌላ ነገር አልመክርም። ስትገጥሙት ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ጃምፐር (ሁለት ፒን የምታገናኝ ክዳን) እዩ፤ ድራይቩ ስንተኛ እንደሆነ የምትወስነው እሷ ነች። ቦታዋ ከተሳሳተ አዲሱ ጎቴክም ልክ እንደ አሮጌው ድራይቭ ጭጭ ይላል።